ዋስ የሌለው ወሬ

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ የገባ ሰው ሁለት ነገር ሳይሸምት አይወጣም ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ አንዱን በገንዘቡ፣ ሁለተኛውን በጆሮው። በገንዘቡ የሚሸምተው ሸሚዝ ወይም ጫማ፣ የስልክ ቻርጀር ወይም ፊልም የተጫነበት ፍላሽ ነው። በጆሮው የሚሸምተው ግን ወሬ ነው፤ ለዚያውም ተራ ወሬ ሳይሆን «የውስጥ ሰው» የነገረው ወሬ። «አቦ፣ የዚህ ፊልም ክፍል ሁለት ተሠርቶ አልቋል እኮ! እዚያው ኩባንያው ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው የነገረኝ። ሁለት ወር ብትታገሥ እጅህ ይገባል» ይባላል። ሰሚው ክፍል አንድን በፍላሹ አስጭኖ፣ ወሬውን በራሱ ላይ ጭኖ ወደ ግቢ ይመለሳል። ማታ ዶርም ውስጥ ፊልሙ ለስድስት ሰው ሲታይ ወሬውም ለስድስት ሰው ይከፋፈላል። በማግስቱ ሻይ ቤት ላይ «ተረጋግጧል» ይባላል። ማን እንዳረጋገጠው የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ገና ስላልመጣ ነገር፣ ከውስጥ ተገኘ የተባለን ወሬ በምን ሚዛን እንመዝነው? መቼ ነው ማመን የሚገባን? አምነንስ ለሌላው ስናቀብል ምን ዓይነት ዕዳ ነው የምንሸከመው?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ከወዲሁ ሲስቁ ይሰማናል። «ለፊልም ወሬ ደግሞ ፍልስፍና! ክፍል ሁለቱ ቢመጣ እናየዋለን፣ ባይመጣ ይቀራል፤ ምን ጣጣ አለው?» ይላሉ። ነገሩ በእርግጥ ቀላል ነው፤ እኛም የመረጥነው ቀላል ስለሆነ ነው። የሰው ጠባይ ብዙ በማያስከፍለው ነገር ላይ በደንብ ይታያል። ደግሞም «ክፍል ሁለት ሊወጣ ነው» የሚለው አፍ በሌላ ቀን «ፍተሻ ሊመጣ ነው፣ ዕቃህን ዛሬውኑ አራግፍ» ይላል፤ በሌላ ቀን ደግሞ «ዶላር ሊጨምር ነው፣ ሳይወደድ ግዛ» ይላል። «የውስጥ ሰው ነው የነገረኝ» የሚለው ማኅተም በሦስቱም ላይ አንድ ነው። እስቲ እንበል፤ ልጆች የምታሳድግ አንዲት ቸርቻሪ በብድር ያመጣችውን ልብስ በዚህ ወሬ ደንግጣ በግማሽ ዋጋ ሸጠችው። ፍተሻውም ሳይመጣ ቀረ። ልብሱን በግማሽ ዋጋ የገዛው ማነው? ወሬውን ያመጣውስ ማነው? ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ላይሆኑም ይችላሉ፤ የእሷ ኪሳራ ግን በሁለቱም በኩል ያው ነው። በፊልም ወሬ ያልተገራ ጆሮ በእንጀራ ወሬ ቀን በድንገት ሊገራ አይችልም። ስለዚህ መለማመዱን ከቀላሉ እንጀምር።

ታይዋን የሚለው ስም ራሱ ትምህርት አለው። ሠፈሩ በጅቡቲና በሱማሌ በኩል የገባ ኤሌክትሮኒክስና ልብስ ሲቸረቸርበት የኖረ፣ በርካሽ የውጭ ዕቃ የታወቀ ገበያ ነው። ስሙም የሩቅ አገር ስም ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህ ከባሕር በኩል የሚመጣ ዕቃና ከባሕር በኩል የሚመጣ ወሬ አብረው ሲራገፉባት ኖረዋል። ስለዚህም የድሬ ሰው ከሩቅ የመጣ ዕቃን መመርመር ያውቅበታል። ሬዲዮ ሲገዛ «እስቲ ሰካው» ይላል፤ ይሰካል፣ ይሰማል። ሸሚዝ ሲገዛ ገልብጦ ስፌቱን ያያል። ስልክ ሲገዛ ካሜራውን ከፍቶ የሻጩን ፊት ያነሣል።

ወሬስ? ስለ ትላንት የሚነገር ወሬ በመጠኑም ቢሆን ይሰካል፤ ሄዶ ማየት፣ ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ስለ ነገ የሚነገር ወሬ ግን የሚሰካበት ሶኬት የለውም። ነገ እስኪደርስ ድረስ ማንም አያጋልጠውም፤ ነገ ሲደርስ ደግሞ ወሬኛው በቦታው የለም፤ ቢኖርም «ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም» ይላል።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው፣ የሰውን ልጅ ዕውቀት በሚመረምር መጽሐፉ ውስጥ ስለ ተአምር ወሬ አንድ ሚዛን አቅርቧል። በአጭሩ እንዲህ ነው፤ «ነጋሪው ተሳስቷል ወይም ዋሽቷል» ከሚለውና «ነገሩ በእርግጥ ሆኗል» ከሚለው የቱ የበለጠ እንደሚያስገርም ጠይቅ፤ ከዚያም ትንሽ የሚያስገርመውን ያዝ። ይህ ሚዛን ለተአምር ይሠራል። ለእኛ ጉዳይ ግን አይበቃም። ለምን ቢባል፣ ገንዘብ ያስገባ ፊልም ተከታይ ቢሠራለት ማንንም አያስገርምም። በአገራችንም «የወንዶች ጉዳይ» እና «ሦስት ማዕዘን» ሁለተኛ ክፍል ወጥቶላቸዋል። ወሬው ሁልጊዜ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። በሬ ወለደ የሚል ወሬ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። ላሟ ልትወልድ ነው የሚል ወሬ ግን ማንም ሳይመረምረው ያልፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «እውነት ነው ወይ?» ሳይሆን «ወሬው ስለ ምን ነው?» የሚለውን ነው። ስለ መጪ ፊልም የሚነገር ወሬ ሦስት ደረጃ አለው፤ ምኞት፣ ዕቅድ እና ሥራ። «ተዋናዩ ሁለተኛ ክፍል ቢሠራ ደስ ይለዋል» ምኞት ነው። «ጽሑፉ እየተጻፈ ነው፣ ገንዘብ እየተፈለገ ነው» ዕቅድ ነው። «ቀረጻው አልቆ ሥዕሉ እየተቆረጠ እየተቀጠለ ነው» ሥራ ነው። ወሬ ሲጓዝ ግን ምንጊዜም ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ምኞት ሆኖ ከአንዱ አፍ ይወጣል፤ ዕቅድ ሆኖ ከዘራ ይደርሳል፤ መጋላ ሲገባ ሥራው አልቋል። ሲጓዝ ወደ ታች የወረደ፣ «ተሠርቷል» ተብሎ ተነሥቶ «ታስቧል» ወደሚል የለዘበ ወሬ ማን ሰምቶ ያውቃል?

ዕቅድና ሥራ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት «አቫታር» የተባለውን ፊልም እንውሰድ። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2009 ታየ። በ2010 ኩባንያውና ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ሁለተኛው በ2014፣ ሦስተኛው በ2015 እንደሚወጡ በይፋ ተናገሩ። ከዚህ የበለጠ የውስጥ ሰው ከየት ይመጣል? ጽሑፉም እርሱ ዘንድ፣ ካሜራውም እርሱ ዘንድ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ግን የታየው በታኅሣሥ 2022 ነው፤ ከተባለበት ስምንት ዓመት ዘግይቶ። ካሜሮን ዋሸ አንልም። ዕቅድን ተናገረ፤ ዕቅድ ደግሞ ቀን ቢኖረውም ገና ያልተወለደ ነገር ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው አይደለም? ልዩነቱ፣ ካሜሮን በስሙ ስለተናገረ ሕዝቡ በየዓመቱ «የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነበረው። ይህችን ነጥብ እንያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ሁለተኛው ጥያቄ «የውስጥ ሰው ስንል የየትኛው ውስጥ ነው?» የሚለው ነው። ቤት ብዙ ክፍል አለው፤ ግቢ የገባ ሁሉ ጓዳ አይገባም። የ«ስታር ዋርስ» ሁለተኛ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1980 ወጣ። በዚህ ፊልም ውስጥ ዳርት ቬደር የተባለው ጥቁር ለባሽ ጨካኝ ለወጣቱ ጀግና አባቱ እርሱ መሆኑን ይነግረዋል፤ የፊልሙ ትልቁ ምስጢር ይህ ነበር። ያን ጥቁር ልብስና ጭንብል ለብሶ የተቀረጸው ዴቪድ ፕራውስ የተባለ ተዋናይ ነው። በቀረጻው ቀን እንዲናገር የተሰጠው ቃል ግን ሌላ ነበር፤ አባትህን የገደለው ሌላ ሰው ነው የሚል ሐሰተኛ ቃል። እውነተኛው ቃል በኋላ ድምፁን በሰጠው በጄምስ ኧርል ጆንስ አፍ ገባ። እንግዲህ አስቡት፤ ጭንብሉ ውስጥ የነበረው ሰው ምስጢሩን አያውቅም ነበር! በዚያ ሰሞን አንዱ ወደ ፕራውስ ጠጋ ብሎ ቢጠይቀውና እርሱም በቅንነት ቢመልስ፣ «ራሱ ዳርት ቬደር ነው የነገረኝ» የሚል ወሬ ይወጣ ነበር፤ ወሬውም ሐሰት ይሆን ነበር።

የዚህ ተገላቢጦሽም አለ። «ስፓይደር ማን፦ ኖ ዌይ ሆም» እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ከመውጣቱ በፊት የቀድሞዎቹ ሁለት ስፓይደር ማኖች አሉበት የሚል ወሬ ዓለምን ሞላው። ከሁለቱ አንዱ አንድሩ ጋርፊልድ በተጠየቀ ቁጥር የለሁበትም እያለ ካደ። ፊልሙ ሲወጣ ግን ሁለቱም ነበሩበት። እዚህ ላይ ወሬው እውነት፣ የውስጥ ሰው ቃል ሐሰት ሆነ። ከሁለቱ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ውስጥ ያለ ሁሉ አያውቅም፣ የሚያውቅ ሁሉ አይናገርም። «የውስጥ ሰው» የሚለው ቃል የሰውየውን መቀመጫ ይነግረን ይሆናል እንጂ የወሬውን እውነትነት አይነግረንም።

ሦስተኛው ጥያቄ ምስክሮቹ ስንት ናቸው የሚለው ነው። ብዙዎቻችን «አንድ ሰው ብቻ አይደለም የነገረኝ፤ አምስት ሱቅ ነው የሰማሁት» ስንባል እጅ እንሰጣለን። ታይዋን ግን ለዚህም መልስ አላት። አንድ ፊልም በአርባኛው ደቂቃ ላይ ሥዕሉ ይቆረጥና ድምፁ ብቻ ይሄዳል እንበል። ወደ ሌላ ሱቅ ሄደን ብናስጭን እዚያው አርባኛው ደቂቃ ላይ ይቆረጣል። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም እንደዚሁ። አምስት ፊልም አለን? የለንም፤ ያለን አንድ ፊልም ነው፣ አምስት ቦታ የተገለበጠ። የጥንት የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንትም ዘዴያቸው ይኸው ነው፤ አንድ ዓይነት ስሕተት የያዙ ብራናዎች ከአንድ እናት የተገለበጡ ናቸው ይላሉ። ወሬም እንደዚሁ ነው። አምስቱም ነጋሪዎች አንድ ዓይነት ቀን ከጠሩ፣ አንድ ዓይነት ቃል ከተጠቀሙ፣ የተዋናዩን ስም እንኳ በአንድ ዓይነት አጣምመው ከጠሩት፣ ያሉን አምስት ምስክሮች ሳይሆኑ አንድ ምስክርና አራት ቅጂ ናቸው። ቅጂ ቢበዛ እውነት አይበዛም።

አራተኛው ጥያቄ ወሬው ማንን ይጠቅማል የሚለው ነው። ክፍል ሁለት ሊወጣ ነው ሲባል የሚሸጠው ክፍል አንድ ነው። ክፍል ሁለት የሚል ስም በሽፋን ላይ ሲጻፍ የሚሸጠው ሽፋኑ ነው። ይህ የታይዋን ልጆች የፈጠሩት ዘዴ አይደለም፤ ሠልጥኛለሁ የሚለው ዓለም ቀድሞ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1966 ሰርጂዮ ኮርቡቺ የተባለ ጣሊያናዊ ዳይሬክተር «ጃንጎ» የተባለውን የካውቦይ ፊልም ሠራ። ፊልሙ ስለተወደደ ሌሎች ነጋዴዎች ከዚያ ፊልም ጋር ምንም የማይዛመዱ በርካታ ፊልሞችን ጃንጎ የሚል ስም እየለጠፉ በየአገሩ አወጡ። የመጀመሪያው ጃንጎ ፍራንኮ ኔሮ ተመልሶ የተሠራው ትክክለኛ ተከታይ ፊልም የወጣው ግን በ1987 ነው። በመካከሉ ባለው ሃያ ዓመት ስንቱ ተመልካች የሌላውን ልጅ በጃንጎ ስም ተቀብሎ ቤቱ ተመልሷል!

እስካሁን ያየናቸው አራት ጥያቄዎች ወሬን ለማበጠር ይረዳሉ። ነገር ግን አራቱንም አልፎ የሚመጣ ወሬ አለ፤ ሊሆን የሚችል፣ ደረጃው የታወቀ፣ ከብዙ ወገን የመጣ፣ ጥቅም የማይታይበት። ያን ጊዜ ምን እናድርግ? እዚህ ላይ ወደ አባቶቻችን መመለስ የሚያሳፍር አይመስለንም።

በቀድሞው ዘመን አንድ ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ አፈርሳታ የሚባለውም ይኸው ነው። የሚያውቀውን በአደባባይ ለመናገር የፈራ ሰው በምስጢር ለሽማግሌ ይነግራል፤ የነጋሪውም ስም ሳይወጣ ቃሉ «ወፍ እንዲህ አለች» ተብሎ ይቀርባል። ዛሬ «የውስጥ ሰው» የምንለው እንግዲህ ያ ወፍ ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። ወፏ ስም የላትም፤ ቃሏን ተቀብሎ ያቀረበው ሽማግሌ ግን ስም አለው፣ ደጅ አለው፣ በአገሩ ሰው ፊት መሐላ አለበት። ስሙ የተሸሸገው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሙሉ ስም ባላቸው ሰዎች የተያዘ ነው። የእኛ ወሬ ግን ከመጀመሪያውም ወፍ፣ በመካከሉም ወፍ፣ መጨረሻውም ወፍ ነው። ሁሉም ሰምቷል፣ ማንም አልተናገረም።

በጥንቱ ሙግትም ውርርድ የሚባል ነገር ነበር። ተሟጋቹ «ይህ ነገር እውነት ባይሆን ማር እሰጣለሁ፣ በቅሎ እሰጣለሁ» እያለ በቃሉ ላይ ንብረቱን ያስይዛል። ዛሬ እሰጥ አገባ ስንል ጭቅጭቅ ማለታችን ነው፤ ቃሉ ግን ያን መወራረድ ያስታውሰናል። ከዚህም ሌላ «ዋስ ጥራ» የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዋስ ማለት ቃልህ ባይጸና ዕዳህን የሚከፍልልህ ሰው ነው። በሌላ አነጋገር አባቶቻችን የሰውን ቃል የሚመዝኑት የተናጋሪውን ልብ ገልጠው አይተው አልነበረም፤ ያ ለማንም አይቻልም። የሚጠይቁት ቃሉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ተናጋሪው ምን እንደሚያጣ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ስለ ነገ የሚነገር ወሬ ሊሰካና ሊሞከር ስለማይችል፣ የቀረን ሚዛን ዋስ ነው። ታይዋን ውስጥ አስተዋይ ገዢ ይህን በደመ ነፍስ ያውቀዋል። መንገድ ላይ በእጁ ይዞ የሚያዞር ልጅ «ኦሪጅናል ነው» ቢለው ፈገግ ብሎ ያልፋል። በዚያው ሱቅ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው «ኦሪጅናል ነው» ቢለው ግን ቆም ይላል። ለምን? ሱቁ ስለማይዋሽ አይደለም፤ ነገ እዚያው ስለሚገኝ ነው። ዕቃው ቢበላሽ ተሸክሞ የሚመለስበት ደጅ አለ። ስለዚህ የገዢው ትልቁ ጥያቄ «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ሳይሆን «ነገ እዚህ አገኝሃለሁ ወይ?» የሚለው ነው። የካሜሮንን ነገር እንመለስባታለን ያልነውም ለዚህ ነው። ቃሉ ባይደርስም ደጁ ይታወቅ ነበር፤ «በሁለት ወር እጅህ ይገባል» ያለው የስም የለሹ ወዳጃችን ደጅ ግን የት ነው?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ወሬው መጨረሻ ላይ እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ ያለ ዋስ መናገሩ ምን ጥፋት አለው?» ይባላል። ዊልያም ክሊፈርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ግብረ ገብ በጻፈው ሐተታ አንድ የመርከብ ባለቤት ያቀርብልናል። ሰውየው መርከቡ አርጅቷል የሚል ጥርጣሬ ነበረው፤ ማስጠገኑ ገንዘብ ስለሚፈጅ ግን ራሱን አባብሎ፣ ደኅና ናት ብሎ አምኖ መንገደኞችን ጭኖ ላከ። መርከቧ ብትሰጥም ጥፋተኛ ነው፤ በዚህ ሁሉም ይስማማል። ክሊፈርድ ግን መርከቧ በሰላም ብትደርስም ሰውየው ያው ጥፋተኛ ነው ይላል፤ ያን ለማመን መብት አልነበረውምና። በአጋጣሚ እውነት የሆነ ወሬም እንደዚያች በአጋጣሚ እንደደረሰች መርከብ ነው። ወሬኛው ስለደረሰች ይመሰገናል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ሳይመረምር ይጭናል። በክሊፈርድ አስተያየት የዚህ ዓይነቱ ልማድ ትልቁ ጉዳት ሰው አንድ ሐሰት ማመኑ ብቻ አይደለም፤ ኅብረተሰቡ የመመርመር ልማዱን ማጣቱ ነው። ያች በግማሽ ዋጋ የሸጠች ቸርቻሪ የተጎዳችው በአንድ ውሸታም ብቻ አይደለም፤ «ማን ነገረህ?» ማለትን በተወ ገበያ ሙሉ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እውነት የሆነ ወሬ ሁሉ ንጹሕ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ሶኒ የተባለው የፊልም ኩባንያ ኮምፒውተሮች ተሰብረው ተገቡ። ከተሰረቀው ውስጥ ያኔ ገና ያልወጣው «ስፔክተር» የተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ረቂቅ ጽሑፍ ይገኝበታል። እነሆ፣ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ የውስጥ ወሬ የለም! ነገር ግን በዚያው በተሰበረው በር የሺዎች ሠራተኞች የግል መረጃና የግል ደብዳቤም አብሮ ወጣ፤ ከእነዚህም ውስጥ በማንም ላይ በደል ያልሠሩ ጸሐፊዎችና ሒሳብ ሠራተኞች ነበሩ። ረቂቁን ለማንበብ የጓጓው ሰው «እኔ ፊልም ነው የወደድኩት» ይል ይሆናል። ቢሆንም የወደደውን ነገር የሰጠው ያ የተሰበረ በር ነው። ዋሱ የጠፋ ወሬ አንድም ሐሰት ነው፣ አንድም የአንድ ሰው አደራ የፈረሰበት ነው፤ በሁለቱም መንገድ የሚከፍልለት ሌላ ሰው አለ። ደሞዙን የሚያገኝበትን ቃል ኪዳን አፍርሶ የነገረን ሠራተኛ ቢኖር፣ ጉጉታችን ለእንጀራው መጥፋት ተካፋይ ነው። የበደለን ወይም የሰረቀን የሚያጋልጥ ምስክር ሌላ ነው፤ እርሱ የሚናገረው ሰውን ለማዳን ነው። የፊልምን መጨረሻ ቀድሞ ማወቅ ግን ማንን ያድናል?

ከዚህ በኋላ «ታዲያ ጨዋታ ቀረ በሉና!» የሚለን አይጠፋም። በርጫ ላይ ክብ ተቀምጦ፣ ምርቃናው ሞቅ ሲል፣ የፊልሙን ቀጣይ ክፍል መገመት የመሰለ ደስታ የት አለ? እኛም ይህን ደስታ አንነካውም። እንዲያውም እናስታውስ፤ «ባሁባሊ» የተባለው የሕንድ ፊልም የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ሲወጣ ካታፓ የተባለው ታማኝ የጦር ሰው ጌታውን ባሁባሊን ለምን ገደለ የሚል ጥያቄ አንጠልጥሎ ተለያየን። መልሱ የመጣው በሚያዝያ 2017፣ ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ነው። በዚያ ሁለት ዓመት ግድም ሕንድ አገር ሙሉ «ካታፓ ለምን ገደለ?» ሲባባል ሰነበተ። አንዱ ተንኮል ነው አለ፣ ሌላው ትእዛዝ ነው አለ፣ ሌላው መሐላ ነው አለ። «ይመስለኛል» ብሎ የሚገምት ማንንም አላታለለም፤ ግምቱ በግምት ስሙ ተጠርቷልና። ጥፋቱ የሚጀምረው «ይመስለኛል» የሚለው ቃል ወጥቶ «የውስጥ ሰው ነግሮኛል» የሚለው ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ጨዋታው ብድር ይሆናል፤ ተናጋሪው የሌለውን ሰው እምነት ተበድሮ በእኛ ላይ ይሸጣል።

ስለዚህ ወሬ አታውሩ አንልም፤ ማንስ ይሰማናል? የምንለው ወሬ ስናቀብል ሦስት ነገር አብረን እናቀብል ነው። አንደኛ፣ ከማን እንደሰማን፤ የነጋሪውን ስም መናገር ካልተቻለ፣ እንደዚያ ሽማግሌ የራሳችንን ስም በቦታው እናስቀምጥ። ሁለተኛ፣ ነገሩ ምኞት፣ ዕቅድ ወይስ ሥራ እንደሆነ፤ ዕቅድ ሆኖ የሰማነውን ሥራ አድርገን አናሻግር። ሦስተኛ፣ ባይሆን ምን እንደምናደርግ፤ ቢያንስ ቢያንስ ተመልሰን፣ ለነገርነው ሰው ሁሉ «ያ ነገር አልሆነም» ለማለት ቃል እንግባ። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው እውነት ነው፤ ያፈተለከን ቃል መመለስ አይቻልም። ተከትሎት ሄዶ ማረም ግን ይቻላል፤ በእግር የሚደክም ሥራ ስለሆነ ነው የሚፈራው። ይህን ድካም የማይቀበል ሰው ባያወራ ይሻለዋል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ያሉት አባቶቻችን፣ የወሬውን ልክ መርምር ማለታቸው እንጂ በወሬው ላይ ሌላ ወሬ ጨምር ማለታቸው አይመስለንም።

ከሰሚው በኩል ደግሞ ሥራው ከዚህ ያነሰ ነው። ሰሞኑን ከታይዋን መልስ አንዱ ወዳጃችን ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ክፍል ሁለት አልቋል፣ የውስጥ ሰው ነው የነገረኝ!» ቢለን፣ ውሸታም ብለን አናሳፍረው፤ ተቀብለንም ወደሚቀጥለው ዶርም አንሩጥ። እንደ ገዢ ረጋ ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ «ባይሆንስ፣ ነገ የት አገኝሃለሁ?» ዋስ ካለው ይነግረናል፤ እኛም በዋሱ ልክ እናምነዋለን። ዋስ ከሌለውና «እኔ እንጃ፣ ቢሆን ደስ ስለሚለኝ ነው» ካለን ደግሞ ከሁሉ የበለጠ እውነት ነግሮናልና፣ ቁጭ ብለን አብረነው እንመኝ።